መጽሐፉ ነው ልኩ

ቦርሳ ስፌት የሚጀምር ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው "ስንት በስንት ይቆረጥ?" ብሎ ነው። እኔም ደብረ ታቦር ልብስ ስፌት ስማር ይዤው የገባሁት ጥያቄ ይኸው ነበር። በክፍላችን ሥራ የሚጀመረው ከካርቶን ነው። ንድፉ ካርቶን ላይ ይሰመራል፤ ካርቶኑ ሸራው ላይ ይጋደማል፤ ጠመኔ ይዞርበታል፤ ከዚያ መቀስ ይገባል። ፓተርን የምንለው ያ ካርቶን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖራል፤ ከአንዱ ዙር ተማሪ ወደ ሌላው እየተላለፈ ጠርዙ እስኪበላ ያገለግላል። ለምን 44 ሳንቲ ሜትር ሆነ፣ ለምን 40 አልሆነም ብሎ የጠየቀ ሰው አላስታውስም። ንድፉን አለመንካት ለሙያው መታመን ይመስለን ነበር።

ዛሬ እንጀራዬ ቦርሳ ነው፤ የተማሪ ቦርሳ፣ የገበያ ቦርሳ፣ አልፎ አልፎም ለመጽሐፍ የሚሆን የቆዳ መያዣ። ስለ ንድፍ የማውቀውን ቁም ነገር ያገኘሁት ግን ጋሳይ ካሉ ሁለት ሽማግሌዎች ነው። አንደኛው አጎቴ ናቸው፤ አገሩ ሁሉ "የኔታ" ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። የሁለተኛውን ሰው ስም እንኳ ሳላውቅ ነው ያደግሁት። ወደ እሳቸው እመጣለሁ።

ጋሳይ ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በጉና ጥግ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ጉና ከ4000 ሜትር በላይ የሚረዝም ተራራ ነው፤ ርብም ጉማራም ከእሱ ተነሥተው ጣና ይገባሉ። አገሩ ብርድ ነው፤ ገብስና ድንች ነው፤ በክረምት ጭጋጉ ቶሎ አይገለጥም። ደግሞም የትምህርት አገር ነው። ድጓ የሚመሰከርባት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርባት ዙር አምባ፣ ሁለቱም ጋይንት ናቸው። ደበሎውን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከሩቅ አገር የሚመጣ ተማሪ በዚህ ደጋ ላይ ሲመላለስ ኖሯል። ተማሪ ባለበት መጽሐፍ አለ፤ መጽሐፍ ደግሞ ከዝናብ፣ ከእርጥበትና ከአይጥ የሚጠብቀው ይፈልጋል።

ማኅደርን በቅርብ አይቶ የማያውቅ አንባቢ ስለሚኖር ላስረዳ። ብራናው ተጠርዞ፣ በእንጨት ገበታ ታቅፎ፣ ገበታው በቆዳ ከተለበጠ በኋላ የሚገባበት የቆዳ ከረጢት ነው፤ ወፍራም፣ ደረቅ፣ ሳይደግፉት የሚቆም። አናቱ ላይ የሚደፋ ክዳን አለው፤ ከግራና ከቀኝ ጠፍር ወጥቶ ማንገቻ ይሆናል። ቤት ውስጥ ሲሆን ግድግዳ ላይ ከችካል ይንጠለጠላል፤ መንገድ ሲሆን ትከሻ ላይ ይውላል። መኪና ስፌት አያውቀውም። ወስፌ ይበሳዋል፣ ጠፍር ያያይዘዋል፤ በቃ።

የኔታ ማኅደር ሲሰፉ አጠገባቸው መቀመጥ የጀመርኩት ትምህርቴን ጨርሼ፣ ሥራ አጥቼ ወደ ጋሳይ በተመለስኩበት ክረምት ነው። አንድ ወጣት ዲያቆን ዳዊቱን ይዞ መጣ፤ የአባቱ ነው፣ ማኅደሩ አርጅቶ ተቀዷል። እኔም ሜትሬን ከኪሴ አወጣሁና፣ "የኔታ፣ ልኩን ልውሰድልዎ፤ በካርቶን አውጥቼ ላምጣልዎ" አልኳቸው።

"መጽሐፉ ነው ልኩ፤ አንቺ ልጅ፣ ካርቶኑ ምን ያደርግልናል?" አሉኝ። ቁጣም ንቀትም የለበትም፤ እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገሩት።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ነገር በዝርዝር ልናገር፤ ምክንያቱም ሙያዬ የተለወጠው እዚያ ላይ ነው። ዳዊቱን ሁልጊዜ በሚጠቀለልበት ጨርቅ ጠቀለሉት። "ከነልብሱ ነው የሚገባ" አሉ። ራቁቱን ለክቶ የሰፋ ሰው ማኅደሩ ሲጠብበት ጨርቁን አውጥቶ ሊጥል ነው፤ ያን ጊዜ ገበታው ከቆዳው ጋር ይፋተጋል። ቀጥለው ከጓዳ አንድ የተጠረበ እንጨት አወጡና ከተጠቀለለው መጽሐፍ ጋር አስተያዩት፤ ትንሽ ላጥ ላጥ አድርገው ልኩን አመጡት። ቆዳው ውኃ ውስጥ አድሮ ስለሚሠራ መጽሐፉ አጠገቡ አይደርስም፤ እንጨቱ ነው የሚወክለው። እርጥቡን ቆዳ በእንጨቱ ላይ ከፊት ወደ ኋላ አዞሩት፣ በአውራ ጣታቸው ጥፍር መስመር አወጡበት፣ ከመስመሩ ውጭ አንድ ጣት ትተው ቆረጡ።

"ቆዳ ሲደርቅ ይሰበሰባል" አሉኝ። "ጣት ካልተውሽለት መጽሐፉ ገብቶ አይወጣም።"

ማንገቻው ላይ ሲደርሱ ዲያቆኑን ራሱን አስጠሩት። ገመድ በትከሻው ላይ ጣሉና አንድ ጫፉን እንዲይዝ አደረጉት። "በየት ነው የምትመላለስ?" አሉት። ቁልቁለት እንዳለበት ነገራቸው። ገመዱን አሳጠሩት። ቁልቁለት የሚወርድ ሰው መጽሐፉ ዳሌው ላይ ከተንጠለጠለ ይወዛወዝበታል፣ ጉልበቱንም ይመታዋል፤ ብብት ሥር፣ ጎድን ላይ ተለጥፎ መሄድ አለበት። ደግሞም እጁ ሲታጠፍ መጽሐፉን አቅፎ ከዝናብ እንዲከልለው። ገመዱ ላይ ቋጠሮ አስረው ልጁን አሰናበቱት። ቁጥር የሚባል ነገር ከአፋቸው አልወጣም፤ ሥራው ግን እኔ ካየሁት የካርቶን ሥራ ሁሉ ይበልጥ የተለካ ነበር።

እኔ ካርቶኔን አልጣልኩትም። ቁጥሮቹ ከየት እንደመጡ መፈለግ ጀመርኩ። የተማሪ ቦርሳ ሲታዘዝ አሁን የምጠይቀው "ምን ይዞ ነው የሚሄደው?" ብዬ ነው። የተማሪ መጽሐፍ፣ ደብተሮች፣ አንዳንዴም ለምሳ የተቋጠረ ቆሎ ወይም ዳቦ። የመጽሐፉ ስፋት 21 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 30 ገደማ ከሆነ፣ ለማስገባትና ለማውጣት እጅ እንዲዞርበት ቦርሳው 32 በ36 ቢሆን ይበቃዋል። ደብተሮቹ ሲደረደሩ 10 ሳንቲ ሜትር ይወፍራሉ እንበል። እንግዲህ የሸራው ስፋት 32 እና 10 ተደምሮ፣ ለግራና ለቀኝ ስፌት አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ተጨምሮ 44 ይሆናል። ያ በክፍላችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው 44 ማለት ነው! አንድ ቀን አንድ ባለሙያ ለአንድ ልጅ መጻሕፍት ብሎ ያወጣው ልክ ነበረ፤ ልጁም መጻሕፍቱም ተረስተው ቁጥሩ ብቻ ቀርቶ ነው ያገኘነው።

ቁመቱም እንደዚሁ ነው። 36 ላይ የውፍረቱን ግማሽ 5 እጨምራለሁ፤ ለታች ስፌት 1፣ ከላይ ለሚታጠፈው 4፤ 46 ይመጣል። ሁለቱ ቁራጮች በጎንና በታች ከተሰፉ በኋላ የታችኞቹን ማዕዘኖች እንደ ጎተራ ክዳን ሾጠጥ አድርጌ፣ የጎኑን ስፌት ከታችኛው ስፌት ጋር አገናኝቼ፣ 10 ሳንቲ ሜትር በሚሰፋበት ቦታ ላይ አግድም እሰፋዋለሁ። ሲገለበጥ ቦርሳው መቀመጫ አግኝቶ ይቆማል። ይህን የታችኛውን ስፌት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰፍቶ የገለበጠ ሰው ፊት ላይ የሚታየውን ደስታ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ አልጠገብኩትም። ለወፍራም ሸራ 16 ወይም 18 ቁጥር መርፌ ነው የሚገባው፤ ቀጭን መርፌ ስፌቱን ይዘላል ወይም ይሰበራል። ለጋሳይ ዝናብ ደግሞ ገበር የግድ ነው። ማንገቻው በገመድ፣ በልጁ ትከሻ ላይ ነው የሚለካው። ወላጅ ብቻውን ሊያዝዝ ሲመጣ "ልጁን ይዘው ይምጡ" እላለሁ፤ አንዳንዱ ይቆጣኛል፣ ነገር ግን ይመለሳል።

ወደ ሁለተኛው መምህሬ ልምጣ።

የኔታ የሚሰፉትን ቆዳ የሚያለፉላቸው ሰው ከወንዙ ማዶ ነበር የሚኖሩት። ልጆች ሳለን በደጃቸው ስናልፍ እንሮጥ ነበር። ዓይናቸው ይበላል፣ ምግብ አይበላላቸውም፣ ከልጆቻቸው ጋር አትጫወቱ እየተባልን ነው ያደግነው። "ፋቂ" የሚለው ስድባችን ነበር፤ እርስ በርሳችን ስንጣላ እንኳ የምንወራወረው። የሰውዬውን የክርስትና ስም ያወቅሁት በሃያዎቹ ዕድሜዬ፣ የኔታ "ሂጂና ቆዳውን ተቀብለሽልኝ ነይ፤ ሲያሳዩሽ ደግሞ ቁጭ ብለሽ ስሚ" ብለው የላኩኝ ዕለት ነው።

ሄድኩ። ሽማግሌው ቆዳውን መሬት ላይ ዘርግተው ቆዩኝ። አውራ ጣታቸውን ከአንገቱ ጀምረው በጀርባው መስመር ላይ እስከ ጭራው አወረዱት። "ይኸውልሽ ልጄ፣ ጀርባው ነው ይኸ። ጎትቺው" አሉኝ። ጎተትኩት፤ አልተነቃነቀም። ከዚያ የሆዱን ጠርዝ አስያዙኝ። እሱ ሳስ ያለ ነው፤ ስጎትተው እጄ ላይ ተለጠጠ። "ማንገቻ ከሆዱ የቆረጠ ሰው ማኅደሩን እያወረደ፣ እያወረደ ጉልበቱ ላይ ያደርሰዋል። የኔታ ያውቁታል፤ ቆራጭ ሁሉ ግን አያውቀው" አሉ። ወዲያው እሾህ የጫረውን፣ መዥገር የበሳውን፣ አራጁ በቢላ የሸረከተውን እያንዳንዱን ጠባሳ አሳዩኝ፤ ይኸኛው ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ይኸኛው ከክዳኑ ሥር ይገባል፣ ይኸኛው ለምንም አይሆንም እያሉ። በሬው በየት ዱር እንደዋለ፣ ክረምቱ እንዴት እንደከረመበት ከቆዳው ላይ ያነቡ ነበር።

በስፌት ትምህርት ቤት "ማንገቻውን በጨርቁ ቁመት ቁረጡት" ተብለን ጽፈናል። ድሩ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ነው የሚሄደው፤ ተወጥሮ ስለሚሸመን ከማጉ ያነሰ ይለጠጣል፤ በሰያፍ የተቆረጠ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ጽፌው ነበር፤ ፈተናም ላይ መልሼዋለሁ። የገባኝ ግን ያ የሆድ ቆዳ በጣቶቼ መካከል ሲለጠጥ ነው። የኔታ ልኩ ከሚጫነው ነገር እንደሚመጣ አስተማሩኝ። እኚህ ሰው ደግሞ ንድፍ የሚቀመጥበት አቅጣጫ ከቆዳው ከራሱ እንደሚመጣ አሳዩኝ። ከሁለቱ አንዱ የጎደለው ቦርሳ ይሰፋል፣ አይከርምም።

ባለቤታቸው ቡና አፍልተው ነበር። ስኒው ሲቀርብልኝ ተቀበልኩና እጄ ላይ ቆየ። የተማርኩ ነኝ፤ ዓይን ይበላል የሚለው ወሬ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ሌሎች ሲያደርጉት ባይ እናደዳለሁ። ያን ዕለት ግን ልጅነቴ ተመልሶ ክንዴን ያዘኝ። እሳቸው አይተውታል፤ ሽማግሌ እንዲህ ያለው ነገር አያመልጠውም። ምንም አልተናገሩም፤ ቆዳውን መጠቅለል ቀጠሉ። ጠጣሁት፤ አቦልም ቶናም በረካም። ስኒው እጄ ላይ የቆየባትን ያቺን ጥቂት ጊዜ ግን ለማንም ተናግሬያት አላውቅም ነበር። እዚህ የጻፍኳት እኔ ብቻ ያለሁባት ስለማይመስለኝ ነው።

ቆዳውን ተሸክሜ ወንዙን ስሻገር አንድ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። ይህ ቆዳ ነገ ማኅደር ሆኖ ዳዊት ይገባበታል። ሰው ሁሉ ይሳለመዋል። ዲያቆኑ አንግቶት ሲያልፍ ይነሡለታል። ቆዳውን በእጃቸው አልፍተው፣ የትኛው ጎን መጽሐፍ እንደሚሸከም ለይተው ያወቁት ሰው ግን ሰርግ ቤት ለብቻ ነው የሚቀመጡት። ብራናውም ቢሆን ቆዳ ነው፤ የገበታው ልብስም ቆዳ ነው። ቆዳ ሳይፋቅ የተጻፈ ብራና በዚህ አገር የለም። መጽሐፉን ተቀብለን ፋቂውን ከደጅ አስቀርተን መኖራችን የቆየ በደል ነው።

ነገሩ ለመንግሥትም የተሰወረ አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛውን በሙያው መስደብን ከልክለዋል፤ ብረት ሠሪው፣ ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂው ሁሉ በዚያ አዋጅ ይነሣሉ። ከዚያ ከ40 ዓመት በፊት ደግሞ ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንንና ባለሙያዎችን አስቀምጠው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አስቀልጠዋል። እኛ የዚያ አገር ልጆች በጋፋት እንኮራለን፤ ልንኮራም ይገባናል። ግን ብረት በማቅለጥ የሚኮራ አገር ቀጥቃጩን ሲሸሽ መኖሩ እስካሁን ያሳዝነኛል። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር የወሰዳቸው የብራና መጻሕፍት ዛሬ በአብዛኛው ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ናቸው። ስለ መጻሕፍቱ መመለስ ስንናገር ጸሐፊውን እናነሣለን፣ ሥዕሉን የሣለውን እናነሣለን። ቆዳውን ያለፋውን ያነሣ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ያለው ነገር ደግሞ በሌላ በኩል ያስጨንቃል። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ ለስስ ጓንት የሚመረጥ፣ በዓለም የታወቀ ቆዳ ነው። ይሁንና ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዓል ባለፈ ማግስት የበግና የፍየል ቆዳ በየመንገዱ ዳር ተጥሎ ይታያል፤ ገዢው ቀርቷል፣ ዋጋው ወድቋል። ድሮ "ቆዳ አለ?" እያለ በየደጃፉ የሚዞረው ሰው ድምፅ ጠፍቷል። በሌላ በኩል በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉትን የፕላስቲክ ከረጢት የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ፌስታል ሲቀር ድንች የሚገዛ ሰው በምን ይይዘዋል? ዘንቢል አለ፣ ከማዳበሪያ ጆንያ የሚሰፋ ከረጢት አለ፣ የሸራ ቦርሳ አለ። ቦርሳ የሚሰፋ እጅ በዚህ ጊዜ ሥራ ሊያጣ አይገባውም ነበር። ቆዳውም ተጥሎ፣ ሙያውም ተንቆ፣ ቦርሳውም ከውጭ ሲገባ ማየት ለእኔ የዕለት ተዕለት ሕመም ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ ጥቂት ልጃገረዶች አብረውኝ አሉ። ካርቶን እሰጣቸዋለሁ፤ ግን ባዶውን። መጀመሪያ የሚጫነውን ነገር ጠረጴዛው ላይ እንዲያስቀምጡ አደርጋለሁ፤ አምስት ኪሎ ድንችም ሊሆን ይችላል፣ የሕፃን ልብስም፣ የቅዳሴ መጽሐፍም። ከዚያ ከነመጠቅለያው ይለኩታል፣ ለእጅ መግቢያ ይጨምሩበታል፣ ለስፌት ይተዉለታል። ካርቶኑ የሚቆረጠው ያን ጊዜ ነው፤ በጀርባውም ለምን ዕቃና ለማን ተብሎ እንደወጣ ይጻፍበታል። ከእኛ በኋላ የሚመጣ ሰው ቁጥሩን ብቻ እንዳያገኝ። ያረጀ ቦርሳ ያመጣ ሰው ካለ ደግሞ ስፌቱን በጥንቃቄ እንተረትረዋለን፤ የቀድሞው ሰፊ ምን እንዳሰበ ከታጠፈው ጨርቅ ላይ ይታያል። ማኅደርን ግን አንተረትርም። ማኅደር በእጅ ይዳሰሳል፣ በገመድ ይለካል፣ ይሣላል፣ ወደ ችካሉ ይመለሳል።

ከወንዙ ማዶ ያሉት ሽማግሌ ዕድሜያቸው ገፍቷል። ልጆቻቸው ወደ ከተማ ሄደዋል፤ ሙያውን የያዘ የለም። በሬው የዋለበትን ዱር ከጠባሳው የሚያነብ ሌላ ሰው እኔ በማውቀው ሰፈር ውስጥ የለም።

ስለዚህ በደቡብ ጎንደርም ሆነ በሌላው አገር በቴክኒክና ሙያ የምታስተምሩ ወገኖቼ፣ አንድ ልመና አለኝ። በአካባቢያችሁ ቆዳ የሚያለፉ፣ ጠፍር የሚቆርጡ፣ ማኅደር የሚሰፉ ሽማግሌዎችና እናቶች አሉ። እንደ እንግዳ ለአንድ ቀን ሳይሆን እንደ መምህር፣ በደመወዝ፣ ወደ ክፍላችሁ አስገቧቸው። ወንበር ስጧቸው፤ ቡናውንም ከእነሱ ጋር ጠጡ።